ቪዲዮው ከመቀረጹ በፊት ጆንያው ይመዘን

ለሰሜን ሸዋ ዞንና ለደብረ ብርሃን ከተማ የጽዳትና ውበት፣ የጤና፣ የትምህርትና የኮሙኒኬሽን ሥራ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ የቤት ቆሻሻን ለመቀነስና መልሶ ለመጠቀም ስለሚዘጋጁ ተከታታይ አጫጭር ቪዲዮዎች

ስለ ቆሻሻ የሚሠሩ ቪዲዮዎች አብዛኞቹ መልካቸው አንድ ነው። በድሮን የተነሣ የከተማ ምስል ይቀድማል፣ ክራር ይከተላል፣ አንድ ኃላፊ ከጠረጴዛ ጀርባ ሆነው ይናገራሉ፣ መጨረሻ ላይ «ከተማችንን ጽዱና ውብ እናድርግ» ይባላል። ያየው ሁሉ ይስማማል፤ ትቆሽሽ የሚል የለምና። ስልኩን ሲያስቀምጥ ግን የሽንኩርቱን ልጣጭ የት እንደሚያደርገው አሁንም አያውቅም። እኛ በቪዲዮ ዝግጅትና በደረቅ ቆሻሻ አያያዝ የምንሠራ ባለሙያዎች ነን። የምንለው ይህ ነው፦ አንዱ ቪዲዮ አንድ የእጅ ሥራ ብቻ ያሳይ፤ ያም ሥራ የሚረከበው ሰው ወይም የሚያርፍበት ቦታ በተጨባጭ ሲኖር ብቻ ይቀረጽ።

ሕግ አልጠፋም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 የቤተሰብ ኃላፊ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚወገደው ለይቶ ለዚሁ ወደተመደበ ቦታ እንዲያደርስ ያዛል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ከልክሏል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ስለ ቆሻሻ አወጋገድ ቤት ለቤት ያስተምራሉ። የጎደለው «እንዴት?» ለሚለው የሚታይ መልስ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ካሜራ አይፈልግም፤ ሚዛን ነው የሚፈልገው። ከአንድ ቀበሌ 30 ቤቶች ይመረጡ፤ ከአስፋልት ዳር፣ ከውስጥ ሰፈር፣ ከኪራይ ግቢና ከብት ካለበት ቤት ተደባልቀው። ለእያንዳንዱ ቤት ቁጥር የተጻፈበት ኬሻ ይሰጥ፤ ለ8 ቀናት በየማለዳው ይሰብሰብ። የመጀመሪያው ቀን ሳይቆጠር ይጣል፤ ቤቱ ውስጥ ከርሞ የነበረው ሁሉ ያን ቀን ስለሚወጣ ቁጥሩን ያዛባል። የቀሪዎቹ 7 ቀናት በተንጠልጣይ ሚዛን ይመዘን፣ ከዚያ ሸራ ላይ ተዘርግቶ ይለይ፦ የምግብና የአትክልት ትርፍራፊ፣ አመድና የጥራጊ አፈር፣ ወረቀትና ካርቶን፣ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ፌስታል፣ ብረትና ጠርሙስ፣ ጨርቅና ጫማ። መርፌ፣ ባትሪና መድኃኒት ከተገኘ ለብቻው ይቀመጥ። ለዪዎቹ ወፍራም ጓንትና ሙሉ ጫማ ሳያደርጉ ሸራው አጠገብ አይድረሱ።

ሒሳቡ ቀላል ነው፤ አምስት ሰው ያለበት ቤት በ7 ቀን 14 ኪሎ ካወጣ፣ 14 ለ5 ከዚያም ለ7 ሲካፈል በነፍስ ወከፍ በቀን 400 ግራም ይሆናል። የበዓል ሳምንት አይመረጥ፤ የፋሲካ ማግስት ጆንያ የዓመቱን አይናገርም። ከተቻለ አንድ የጾምና አንድ የፍስክ ሳምንት ቢወሰድ መልካም ነው፤ የጓዳው ትርፍራፊ ይለያያልና።

ይህን ያህል የምንጨነቀው ዓይን ስለሚያታልል ነው። መንገድ ላይ የሚታየው ፌስታልና ሃይላንድ ነው፤ ሚዛን ላይ ግን በአገራችን ከተሞች ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነገር ነው፤ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርድ አገር ደግሞ የከሰልና የእንጨት አመድ ብዙ ይጨምርበታል። አንድ ኪሎ ለመሙላት እንደ ውፍረቱ ከ35 እስከ 50 ባዶ የአንድ ሊትር ሃይላንድ ያስፈልጋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቪዲዮ ስለ ሃይላንድ ከሆነ ቤተሰቡ የተባለውን ሁሉ ቢያደርግም ጆንያው እንደከበደ ይቆያል።

እኛ የምናስበው ስብስብ 12 ቪዲዮ ነው፤ እያንዳንዱ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ። መጀመሪያ አመድ ይምጣ። ሥራው ትንሽ ነው፣ ውጤቱ ግን ጆንያው ላይ ወዲያው ይታወቃል፦ አመድ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ገብቶ 24 ሰዓት ይቆያል፣ ከቀዘቀዘ በኋላ በእፍኝ ሽንት ቤት ውስጥ ይበተናል፤ ሽታና ዝንብ ይቀንሳል። የጋለ አመድ በቀጥታ ኬሻ ውስጥ ሲገባ የሚሆነውን ጋሪ የሚገፉት ልጆች ይጠየቁ፤ ላስቲክ ቀስ ብሎ ይጨስና መንገድ ላይ ይያያዛል። ሁለተኛው የልጣጭ ባልዲ፣ ሦስተኛውና አራተኛው ብስባሽ (ከሚበሰብስ ቆሻሻ የሚዘጋጅ ማዳበሪያ)፣ አምስተኛው እንጀራ ናቸው። ስለ እንጀራ የሚሠራው ቪዲዮ እናቶቻችን የማያውቁትን ነገር አያስተምርም፤ ድርቆሽና ፍርፍር የቆየ ጥበብ ነው። ተመልካቹ ከተማ ገብቶ ብቻውን የሚኖር ወጣትና አዲስ ትዳር የያዘ ነው፤ የሚታየውም ሻጋታ ሳይጀምር እንጀራን ቆርሶ ሰፌድ ላይ ማስጣት ነው። ሻጋታ ከታየበት በኋላ ማድረቁ መርዙን አያጠፋውም፤ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ከቪዲዮው እንዳይቀር። ከዚያ ዘንቢል ይዞ ገበያ መውጣት፣ ሃይላንድ፣ ጀሪካን፣ ካርቶን፣ ከሰልን ያለ ፌስታል ማቀጣጠል፣ አደገኛ ነገሮች፣ መጨረሻም ጆንያው ከበር ከወጣ በኋላ የት እንደሚደርስ የሚያሳይ።

የከሰሉ ነገር ቀላል ይመስላል፤ በብዙ ቤት ግን ፌስታል ማለት የእሳት መቆስቆሻ ነው። «አታቃጥሉ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ጭሱ የሚጎዳው ከምድጃው ፊት ያጎነበሰችውን ነው፤ እሷ ደግሞ ሌላ ማቀጣጠያ እስካልታያት ድረስ አትተወውም። ደረቅ ጭራሮና ቆረቆንዳ ከከሰሉ ሥር እንዴት እንደሚደረደሩ፣ አየሩ ከታች እንዲገባ አመዱ ቀድሞ እንዴት እንደሚጠረግ በ60 ሰከንድ ይታይ።

ብስባሹ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚበላሸው እሱ ነውና። ባሕር ማዶ የተሠራ ቪዲዮ ተገልብጦ ሲመጣ አንድ ቤተሰብ አንድ ሳጥን ሞልቶ ያሳያል። እዚህ አይሠራም። አንድ ክምር ሙቀት የሚይዘው ቢያንስ 1 ሜትር በ1 ሜትር በ1 ሜትር ሲሆን ነው፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነች፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ትንሽ ክምር ውስጡ ሳይሞቅ ይነጋል። ከላይ ባሰላነው ቤት የሚበሰብሰው በቀን 1 ኪሎ አካባቢ፣ በወር 30 ኪሎ ቢሆን ነው። አንድ ቤት ብቻውን ክምሩን እስኪሞላ የታችኛው ደርቆ ያልቃል። ስለዚህ ቪዲዮው ከ5 እስከ 6 ጎረቤት በአንድ ክምር ሲገናኝ ማሳየት አለበት፤ ወይም በአረምና በቅጠል የተጀመረ ክምር የጓዳው ልጣጭ እየተጨመረበት ሲያድግ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከነፋስ የሚከልል ግድግዳ ሥር፣ ፀሐይ በሚያገኘው በኩል፣ ከታች 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ወፍራም እንጨትና አገዳ ይደረደራል፤ አየር የሚገባው በዚያ ነው። ቀጥሎ 15 ሴንቲ ሜትር ደረቅ ነገር፣ በላዩ 10 ሴንቲ ሜትር እርጥብ ልጣጭና አረም፣ በላዩ 3 ሴንቲ ሜትር አፈር ወይም ያለፈ ብስባሽ። ውኃ ይርከፈከፋል፤ እንደገና ከደረቁ ይጀመራል፤ ቁመቱ ከ1 እስከ 1.2 ሜትር ሲደርስ በኬሻ ይሸፈናል። ደረቁ ምን ይሁን? ገለባ የሚል ጽሑፍ ብዙ ነው፤ እዚህ የገብስ ገለባ የከብት ቀለብ ነው፣ ማንም ለቆሻሻ አይሰጠውም። ከብት ረግጦት የቀረው፣ ጋጣው ሥር የተጠረገው ይበቃል። ፋንድያና እበትም እንዲሁ ነው፤ ደጋው ላይ ኩበት ማገዶ ስለሆነ «እበት ጨምሩ» የሚል ቪዲዮ ሰሚ አያገኝም። አንድ ባልዲ እበት በውኃ ተበጥብጦ ለሙሉው ክምር እንደ እርሾ ቢረጭ በቂ ነው።

የማይገባውም በግልጽ ይታይ። የባሕር ዛፍ ቅጠል በዘይቱ ምክንያት በቀላሉ አይበሰብስም። አጥንት፣ ሥጋና ቅባት ውሻና ጅብ ይጠራል። አመድ በየድርቡ ከአንድ እፍኝ በላይ ከሆነ ናይትሮጅኑን በጋዝ መልክ ያባርረዋል፤ ክምሩ አጠገብ የሚቆነጥጥ የሽንት ሽታ የሚመጣው አንዳንዴ ከዚህ ነው። እርጥበቱ በጭብጥ ይለካል፦ አንድ እፍኝ ጨምቀው አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው፣ ከፈሰሰ በዝቷል፣ ጭብጡ ከፈረሰ ውኃ ይጎድለዋል። ዱላ በመሐሉ ተተክቶ በ5ኛው ቀን ሲነቀል እጅን ማሞቅ አለበት። ካልሞቀና ጉንዳን ከተሰበሰበበት ደርቋል። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ታፍኗል፣ ይገልበጥ። በ3ኛውና በ6ኛው ሳምንት ይገለበጣል፤ ደጋው ላይ ከ3 እስከ 4 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል።

ሸዋ ሮቢትና አጣዬ አካባቢ ያለው ሌላ ነው፤ ቆላው ላይ ችግሩ ድርቀት ስለሆነ በጋ ላይ ጉድጓድና የዛፍ ጥላ ይሻላል። ደጋው ላይ በሐምሌና በነሐሴ ጉድጓድ ከተቆፈረ ግን ውኃ ሞልቶት ይገማል፤ ከዚያ በኋላ ጎረቤቱ ስለ ብስባሽ መስማት አይፈልግም። ስለዚህ ነው ሦስተኛውና አራተኛው ቪዲዮ የተለያዩት። አንድ ሆነው ቢሠሩ ለአንዱ አገር ስሕተት ማስተማር ይሆናል።

ቀረጻው በአንድ ቀን አያልቅም፤ ብስባሹ ራሱ የሚፈልገውን ወራት ይፈልጋል። መስከረም መጨረሻ ላይ አረሙ ሳይደርቅ ይጀመር። የካሜራ መቆሚያው ሦስት እግሮች ያረፉበት ቦታ በችካል ምልክት ይደረግበት፤ በየሳምንቱ ከዚያው ቦታ አንድ 10 ሰከንድ ከተቀረጸ ክምሩ ሲሰምጥ በአንድ ደቂቃ ይታያል። መገልበጡ ደግሞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ይቀረጽ። በብርዱ እንፋሎቱ ጎልቶ ይወጣል፤ ፀሐይዋ ከክምሩ ጀርባ ከሆነች ማንም ተራኪ «ሙቀት አለው» ማለት አያስፈልገውም።

ስለ ፕላስቲክ የሚሠሩት ቪዲዮዎች ከገዢው ይጀምሩ። ቆራሌው የማይወስደውን ነገር ለዩ ማለት ቤት ውስጥ ሁለተኛ የቆሻሻ ክምር መሥራት ነው። ሃይላንድ ይገዛል፤ ግን ዘይት ወይም ጋዝ የነካው፣ አፈር የሞላው፣ ሲጋራ የተጠፋበት ወደኋላ ይመለሳል። የሚታየው ሥራ አራት እንቅስቃሴ ነው፦ ክዳኑን መፍታት፣ ማንቆርቆር፣ መጭመቅ፣ ክዳኑን ለብቻው ማስቀመጥ። ክዳኑ ለምን ይለያል ለሚል በአንድ ብርጭቆ ውኃ ይመለስ፤ ከጠርሙሱና ከክዳኑ ቁራጭ ተቆርጦ ሲገባ ጠርሙሱ ይሰምጣል፣ ክዳኑ ይንሳፈፋል። ሁለት የተለያዩ ፕላስቲኮች ናቸው፣ አብረው አይቀልጡም። ልጆች ይህን አይተው በዚያው ቀን እቤት ይሞክሩታል። ጀሪካኑም ይንሳፈፋል፤ ከሃይላንድ ጋር በአንድ ኬሻ አይግባ።

የቢራና የለስላሳ ጠርሙስን ለማስተማር አንድ ደቂቃ እንኳ አናባክን። 24ቱ በሳጥኑ ተመልሶ ይሄዳል፣ ምክንያቱም ባዶው ዋጋ አለው፤ ሳይመለስ ሲቀር ከኪስ ይወጣል። ማንም ቪዲዮ አላስተማረውም። ኃላፊዎች ከዚህ አንድ ነገር ያያሉ ብለን እናምናለን።

አደገኛ ከሚባሉት ሦስቱ ይበቃሉ። መርፌና ምላጭ ክዳኑ የሚጠብቅ ጠንካራ ዕቃ ውስጥ ገብቶ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። የባትሪ ድንጋይ እሳትም ብስባሽም ውስጥ አይገባም። የተሰበረ ብርጭቆ በካርቶን ተጠቅልሎ ከላዩ ይጻፍበታል፤ ጆንያውን የሚያነሣው ሰው በእጁ ነውና።

አቀራረጹን በተመለከተ፣ ካሜራው ከሠሪዋ ትከሻ በላይ ሆኖ እጇን ይይ። ከፊት ለፊት ከተቀረጸ ተመልካቹ ግራ ቀኙን ገልብጦ ማሰብ ይኖርበታል። በመጀመሪያዎቹ 5 ሰከንዶች ዕቃውና እጁ ይታይ፤ አርማና መግቢያ ሙዚቃ ወደ መጨረሻ ይሂዱ። ጓዳው ጨለማ ነው፣ ደጁ ደግሞ ከ5 እስከ 9 ሰዓት ጥቁር ጥላ ያወጣል፤ ሥራው በሩ አጠገብ፣ ብርሃኑ ከጎን እየገባ ቢሆን ይሻላል። በአምፖል ብርሃን ከሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሹተሩ (አንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ይደረግ፤ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አለዚያ ምስሉ ሊብለጨለጭ ይችላል። በ4ኬ (3840 በ2160 ፒክስል) በወርዱ ተቀርጾ መሐሉ ለስልክ ቁመት ሲቆረጥ 1215 በ2160 ፒክስል ይተርፋል፤ አንዱ ቀረጻ ለቴሌቪዥንም ለስልክም ይሆናል፣ እጁ ከመሐል እንዳይወጣ ብቻ ይጠበቅ።

የደጋው ነፋስ ማይክ ላይ እንደ ወንዝ ይጮኻል። የሚሸጠው የነፋስ መከላከያ ካልተገኘ ጸጉሩ የረዘመ የለምድ ቁራጭ በማይኩ ላይ ይጠቅለል። መንዝ ይህን ከማንም የተሻለ አለው! ትረካው ለብቻው ጸጥ ባለ ክፍል ተቀድቶ ከከባቢው ድምፅ ተለይቶ ይቀመጥ፤ በኋላ ወደ አፋን ኦሮሞና ወደ አርጎብኛ ሲመለስ የባልዲውና የውኃው ድምፅ ሳይጠፋ ተራኪው ብቻ ይቀየራል።

ጽሑፉ ትልቅ ይሁን። መናኸሪያ፣ ጤና ጣቢያ ወረፋ፣ የቀበሌ አዳራሽ፤ በእነዚህ ሁሉ ድምፅ አይሰማም። የፊደሉ ቁመት ከስክሪኑ ቁመት ከ1/15 ካነሰ ሩቅ የተቀመጠ ሰው «ሰ»ን ከ«ለ» አይለይም። በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አይብለጥ። ፋይሉም ይቅለል፦ 90 ሰከንድ በ720ፒ የምስል ጥራት፣ በሰከንድ 1.5 ሜጋ ቢት ሲታመቅ ከ17 እስከ 18 ሜጋ ባይት ነው፤ በ480ፒና በ600 ኪሎ ቢት 7 ተኩል ያህል። ሁለተኛው በቴሌግራምና በሜሞሪ ካርድ ለሚዘዋወር ነው፤ ኔትወርክ በሌለበት መንደር ስልክ ጠጋኙና ፋይል ጫኙ ከማንኛውም ገጽ ይበልጥ ያሠራጫል። በእድር ስብሰባ ደግሞ 12ቱን በአንዴ ማሳየት አይገባም። በወር አንድ፣ ከዚያ ባልዲው ወዲያው ይታይ።

ፈቃድ ሳይጠየቅ የማንም ጓዳ አይቀረጽ። የሰው ቆሻሻ የሰው ገመና ነው፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለ ስም፣ የባንክ ወረቀት፣ የተጣለ ደብዳቤ ከፍሬሙ ይውጣ። ከቆሻሻ መጣያ የሚለቅሙ ሰዎችም ለማሳዘኛ አይቅረቡ፤ ከቀረቡ ስለ ዕቃ ዓይነትና ዋጋ የሚያስረዱ ባለሙያ ሆነው ይቅረቡ፣ ናቸውም።

በባለ ሦስት ቀለም ቅርጫት የሚጀምር ቪዲዮ ሲታይ ተመልካቹ «ይህ ለእኛ አይደለም» ብሎ ይዘጋዋል። ሁለት ኬሻና አንድ ክዳን ያለው ባልዲ ይበቃል። ከዚህ የከፋው ግን ቤተሰቡ ለይቶ ያወጣውን ጋሪው ላይ አንድ ላይ መገልበጥ ነው። አንድ ቀን ብቻ ይህን ያየ ቤት ዳግመኛ አይለይም፤ 12 ቪዲዮም አይመልሰውም። ሰብሳቢ ማኅበራቱ የሚከፈላቸው በሜትር ኪዩብ ከሆነ ደግሞ ቆሻሻ በቀነሰ ቁጥር ገቢያቸው ይቀንሳል፤ በቪዲዮው ላይ ፈገግ እያሉ በሥራው ላይ ቢቃወሙ አይፈረድባቸውም። ክፍያው በሚያገለግሉት ቤት ቁጥር ቢሆን፣ የተለየው ሃይላንድና ካርቶን ሽያጭም ለራሳቸው ቢቀር ቤተሰቡን የሚገፋፉት እነሱ ራሳቸው ይሆናሉ።

ውጤቱ በተመልካች ቁጥር አይለካ። እነዚያው 30 ቤቶች ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ይመዘኑ፤ ቪዲዮውን ያላዩ ሌሎች 30 ቤቶችም ከሌላ ቀበሌ በሁለቱም ጊዜ አብረው ይመዘኑ። ወቅቱ ራሱ ቆሻሻውን ይቀያይረዋል፤ በመኸር የቀነሰውን ሁሉ ቪዲዮው ቀነሰው እንዳንል የሚጠብቀን ይህ ሁለተኛው ሚዛን ነው።

ከክቡራን ኃላፊዎች የምንጠይቀው፦ የሚጀመርበት አንድ የደጋና አንድ የቆላ ቀበሌ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ይመረጥ። ሁለት ባለ 50 ኪሎ ተንጠልጣይ ሚዛንና ሸራ ይመደብ፤ በሚመዘንበት ጊዜ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አብረው ይዙሩ። በየቀበሌው ሃይላንድ፣ ካርቶንና ብረት የሚገዙ ሰዎች ከነሚገዙበት ቀን ተመዝግበው ዝርዝሩ ይሰጠን። ለብስባሽ የሚሆን ከነፋስ የተከለለ የጋራ ቦታ፣ 4 ሜትር በ4 ሜትር ቢሆን ይበቃል፣ በእያንዳንዱ ቀበሌ ይለይ። ይህ ካልተሟላ የሚመለከተው ቪዲዮ እንዳይለቀቅ እንጠይቃለን፤ የተሟላለት ግን፣ ለምሳሌ የአመዱ፣ የእንጀራውና የከሰሉ፣ የማንንም ጋሪ ስለማይጠብቅ በመስከረም ሊወጣ ይችላል።

ከሰላምታ ጋር፣
በቪዲዮ ዝግጅትና በደረቅ ቆሻሻ አያያዝ የምንሠራ ባለሙያዎች፣ ሰሜን ሸዋ